የአስካለ ልክ

አንድ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጋሽ መሸሻ ይሉታል። ሠርግም ይሁን ክርስትና ሲደርስ የከተማው ሴቶች እሱ ዘንድ ካልተሰፋላቸው የተጋበዙ አይመስላቸውም ነበር።

ዝናው የመጣው ከአንዲት ቀሚስ ነው። በወጣትነቱ ለሚስቱ ለአስካለ ከጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ቀሚስ ሰፋላት፤ ትከሻው ጠበብ፣ ወገቡ ሰብሰብ፣ ታቹ ዘርፈፍ ያለ። አስካለ ያንን ለብሳ በገበያ መሀል ስታልፍ ሻጭም ገዢም ዋጋ ረሳ። በማግስቱ ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ተለዋወጠ እንጂ ቅዱ አልተለወጠም። ለብርድ ሱፍ፣ ለበጋ ፖፕሊን፣ ለድግስ ሐር፤ ሁሉም የሚቆረጠው በአስካለ ልክ ነው። ለሌላዋ ሴት ጎኑን ትንሽ ለቀቅ ያደርግላታል፤ ትከሻውን ግን ንክች አያደርገውም፤ የቤቱ መታወቂያ ነዋ። ጠበበኝ ያለችውን ቀሚሱ መች ጠበበ፣ አንቺ ነሽ እንጂ የወፈርሽው ይላታል። አንዷ ደንበኛው በእሱ ቀሚስ ሠርግ ውላ፣ ጠላውንም ወጡንም በዓይኗ ብቻ አጣጥማ ተመልሳለች አሉ።

አስካለ ሞተች። ልኳ ግን እሱ ዘንድ ቀረ። በእሷ ቁመና የተቀረጸች፣ ልብስ የሚሞክርባት የእንጨት ምስል ነበረችው። ምሳውን ከእሷ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል። ስለ ክር መወደድ ያወራታል፤ አትመልስም። አንቺም መኮሳተር ጀመርሽ ብሎ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሲቀርበት ተነሥቶ ካውያውን ያግላል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ስንዱ ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ድሮ በየእሁዱ ትመጣ ነበር። ኋላ በወር ሆነ፤ ኋላም በበዓል ብቻ። ስትመጣም ጨዋታቸው አይረዝምም። እናትሽ ስትስቅ አፏን ትሸፍን ነበር ይላታል፤ እናትሽ ይህን ቀለም አትወድም ይላታል። ስንዱ ሰዓቷን ታያለች። ልጁ ከእጁ እየሄደች እንደሆነ ይታወቀዋል፤ በምን እንደሚይዛት ግን አያውቅም።

አንድ ቀን ላገባ ነው ብላ መጣች። ጋሽ መሸሻ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። የሠርጓን ቀሚስ እሱ ይሰፋዋል፤ በዚያ ቀሚስ ልጁን ይመልሳታል። ለክብር ቀን ያስቀመጠውን ነጭ ሐር አወጣ። ልኬን አትወስድም ወይ ብትለው፣ የገዛ ልጄን ልክ ልጠይቅ ብሎ ሳቀባት።

ልትሞክረው በመጣች ጊዜ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰብሰብ በይ አላት፤ ሰብሰብ አለች። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ አላት፤ ዋጠች። ጥጥ ቢሆን እሺ ይላል፣ ሱፍ ቢሆን ይታገሣል፤ ሐር ግን ኩሩ ነው። ከብብቷ ሥር እስከ ጎኗ ድረስ ተተረተረ።

ጋሽ መሸሻ ከመደንገጡ የተነሣ የለመደው ቃል አመለጠው። «እናትሽ ላይ እኮ ልክክ ይል ነበር» አለ።

ስንዱ አልተቆጣችም። ቀሚሱን ቀስ ብላ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ እናቴ እኔንም ትናፍቀኛለች» አለችው። «ግን እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር እሷን አለመሆኔን ነው የምትነግረኝ። ሞክሬም ነበር፤ አልሆነልኝም።»

ቀሚስ እከራያለሁ፣ አታስብ ብላ ጉንጩን ስማው ሄደች።

የተቀደደውን ሊጠግን ተቀመጠ። ትከሻው ላይ ምን ያህል ልጨምር ብሎ አሰበ። የከተማውን ሴት ሁሉ ከሩቅ አይቶ ልኳን የሚናገር ሰው፣ የልጁ ክንድ ረጅም ይሁን አጭር አያውቅም። መልኳን ላስታውስ ቢል የአስካለ ፊት እየመጣ ይጋርድበታል። መርፌውን አስቀመጠ። አስካለን ሞት ወሰደበት። ስንዱን ግን ማንም አልወሰደበትም።

በሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በእግሩ ወደ ሰፈሯ ሄደ። መንገድ ላይ ያዩት፣ ጋሽ መሸሻ ዛሬስ አስፋልቱን ሊለካው ነው እያሉ ሳቁ።

ስንዱ በሩን ከፍታ አየችው።

«ልክሽን ልወስድ መጣሁ» አላት።

«ሌላ ሐር ተረፈህ እንዴ?»

«የለኝም። ልክሽን ብቻ ነው።»

ጀርባዋን ሰጠችው። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ዘረጋ። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ በሽተኛ ማንሣት የለመደ ትከሻ ነው።

«ይህን ከማን አመጣሽው?» አላት።

«ካንተ ነዋ» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

ስንዱ የተዳረችው አባቷ በሰፋላት ተራ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው። ቅዱ የቤቱ አይደለም ብለው ያሙ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ሠርጉ አለፈ፤ እሷ ወደ ባሏ፣ ጋሽ መሸሻ ወደ ባዶ ቤቱ ገቡ። ብቸኝነቱ ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደለትም። እስከዚያ ድረስ የምትናፍቀው አንዲት ሴት ነበረች፤ አሁን ሁለት ሆኑ። ሁለተኛዋ ግን ስትናፍቅ ተሂዶ በሯ ይንኳኳል።

ወዳጆቼ፣ የሞተ ሰው ልክ አይለወጥም፤ ለዚያ ነው ለመያዝ የሚቀለው። በሕይወት ያለ ሰው ግን ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያድጋል፣ ሐሳቡንም ይቀይራል፤ በየጊዜው ቀርበው ካልለኩት ይጠፋል። ስንቶቻችን ነን ፍቅራችንን በሌላ ሰው ልክ ሰፍተን፣ ለምን አልሆነህም ብለን የምንቀየም? እስቲ አብሯችሁ ማዕድ የሚቀርበውን ሰው ቀና ብላችሁ እዩት። እጃችሁ ላይ ያለው ልክ የማን ነው?