ያልተበላችው አህያ

አንድ ጊዜ በበጋ ማለቂያ ላይ አንዲት አሮጊት አህያ ሞተች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ጅብ ግን አልበላትም።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም። ጅብና አህያ ምንና ምን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም የሆነው ይኸው ነው።

አህያዋ ዳለቻ ትባላለች፤ መልኳ አመድ ስለሚመስል ነው። በወጣትነቷ የነጋዴ ጭነት ተሸክማ ቆላና ደጋ ስትመላለስ ኖረች። አንድ ክፉ ዓመት ድርቅ ገባና ባለቤቶቿ አገር ለቀው ሲሰደዱ፣ «ይህቺ አንክሳለች፣ አታደርሰንም» ብለው አሸዋ ወንዝ ዳር ጥለዋት ሄዱ። ጭነቱን አወረዱላት። ጭነቱ የታሰረበትን ጠፍር ግን ከሆዷ ላይ የሚፈታላት አልተገኘም። ከእሷ ጋር ለመንገድ አይሆኑም የተባሉ ሌሎችም ቀሩ፦ ጡቷ የደረቀ አንዲት ላም፣ የከሱ ፍየሎች፣ ገና ያልጠነከሩ ግልገሎች።

አሸዋ ወንዝ ከክረምት በቀር ውሃ አይወርድበትም። መንጋው ሞቱን እየጠበቀ ተኛ። ዳለቻ ግን አፍንጫዋን አሸዋው ላይ አድርጋ እያሸተተች ሄደች፤ አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመችና በኮቴዋ መቆፈር ጀመረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይሾማት የግጦሹ ባላደራ ሆነች። ክረምት ሲገባ የወንዙን ዳር ሣር ማንም እንዳይነካው ትከለክላለች። «ይህ የበጋ ነው» ትላለች፤ ሌላ ምክንያት አትሰጥም። ሲመሽ ግልገሎቹን ባለቤቶቻቸው ትተውት ወደሄዱት የእሾህ አጥር አስገብታ በሩ ላይ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ትቆማለች። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ትቆፍራለች። የአሸዋ ጉድጓድ አድሮ አይገኝም፤ ንፋስ ይደፍነዋል፣ ዳሩ ይናዳል። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው።

ሕግም ነበራት። ግልገል ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል፤ የጠጣ ሁሉ የናደውን አሸዋ በእግሩ ጠርጎ ይወጣል፤ የቆፈረ መጨረሻ ይጠጣል።

«እማማ፣ የቆፈረ ለምን መጨረሻ ይጠጣል?» ብላ ከፍየሎቹ አንዷ አንድ ቀን ጠየቀቻት።

«እኔ ስቆፍር ውሃው እንዳለ አይቻለሁ። እናንተ አላያችሁም። የሚጨነቀው ያላየ ነው» አለች ዳለቻ።

በዚያው አገር አንድ ጅብ ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት ያለ መንጋ ያደገ ነው። ጠግቦ አያውቅም። ከልጅነቱ የሚያስታውሰውን ንገር ቢባል ረኃብ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። አንድ ወዳጅ አለችው፤ እመት ቀበሮ። እሱ ይገድላል፣ እሷ ምርጥ ምርጡን ትበላለች። ጅብም ይህንን ወዳጅነት ይለዋል።

«አያ ጅቦ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጠቀ እኮ» አለችው ቀበሮ፣ በአንድ የበጋ ቀን።

«ውሃ የለማ!»

«ውሃማ አለ። አሸዋ ወንዝ አንዲት አህያ ትቆፍራለች አሉ።»

«አህያ?» ጅብ ምራቁን ሊውጥ ፈለገ፤ ምራቅ አልነበረውም።

«እሷን ብትበላት ሥጋውም ያንተ፣ ውሃውም ያንተ። ጉድጓዱ እንደሆነ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይወድ ቶሎ ጨረሰ። «እውነትሽን ነው!» አለ።

ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ዳለቻ አንገቷን ጉድጓዱ ውስጥ ደፍታ ትቆፍራለች። ጅብ ከኋላዋ ዘሎ ጎኗን ነከሰ። ጥርሱ ያገኘው ግን ሥጋ አልነበረም፤ ያ አሮጌ ጠፍር ነበር። ጎተተው። ተበጠሰና አፉ ውስጥ ቀረ። ጅብ ደግሞ አፉ የገባውን ሳያኝክ መተው አይችልም። ቁጭ ብሎ ማኘክ ጀመረ።

ዳለቻ ዞራ አየችው። ልትራገጥ ያነሣችውን እግር መልሳ አስቀመጠች።

«ይጣፍጣል?» አለችው።

«ጨው ጨው ይላል።»

«የእኔ ላብ ነው። ስንት ዘመን የሚፈታልኝ አጥቼ ነበር። ጨርሰው፣ አደራ።»

ጅብ ግራ ገባው። ሊበላት የሄደባት አህያ አመስግናው አታውቅም።

«አሁን አንቺን ልበላሽ ነው» አለ፣ ነገሩ እንዲገባት።

«ገብቶኛል። በዚህ ጉሮሮህ ግን ሥጋ አይወርድልህም። መጀመሪያ ጠጣ። ቆይ፣ ቆይ! ግልገሎቹ ይቅደሙ።»

ጅብ ቆየ። ለምን እንደቆየ ራሱም አያውቅም።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ጅብ ነው!» ብላ ፍየል ጮኸች።

«ዐይን አለኝ። ተራውን ይጠብቃል።»

ግልገሎቹ እየተንቀጠቀጡ ጠጡ። ላሟም ጠጣች። ከዚያ ጅብ ገብቶ እስኪበቃው ጠጣ። ሊወጣ ሲል ዳለቻ፣ «የናድከውን ጥረግ» አለችው።

«እኔ?»

«የጠጣው ማን ሆነና?»

ጅብ ጠረገ። ቀበሮ ከዳር ሆና በሳቅ ፈረሰች። «አያ ጅቦ፣ ግርድና ገባህ?» አለችው። ጅብ አፈረ፤ ተቆጣም። ሆኖም በውሃ የተነፋው ሆዱ ለድብድብ አልተመቸውም።

«ነገ እበላሻለሁ!» አላት ዳለቻን።

«ነገ ና። ውሃም አለ።»

በማግስቱ መጣ፤ ጠጣ፤ ጠረገ፤ «ነገ» ብሎ ሄደ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ለምግቡ ከሩቅ ሜዳ ድርቅ የጣላቸውን ከብቶች አጥንት ይለቅማል። መንጋው እያደር ለመደው፤ ፍየልም አፏን ፈታች። ገና ከሩቅ ሲመጣ እያየችው፣ «አያ ጅቦ፣ ዛሬም ነገ ነው?» ትለዋለች።

ፀሐይዋ ግን ባሰች። ውሃው ወደ ታች ሸሸ። ዳለቻ ጠዋት የጀመረችው ጉድጓድ ረፋድ ላይ ነው የሚያጠጣው፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ ትደርሰዋለች። ቀበሮ ጥረጊ እንዳትባል ተራ ገብታ አታውቅም፤ ሁሉም ከሄደ በኋላ የተረፈውን ትልስ ነበር። አሁን የሚተርፍ ጠፋ።

«አያ ጅቦ፣ አንተ እኮ ሞኝ ነህ» አለችው። «እሷ ያላት ኮቴ ነው። አንተ ጥፍር አለህ፤ ዘርህ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። አንተ ብትቆፍር ኩሬ ነው የምታወጣው! ተራ የለ፣ ጠረጋ የለ። ከዚያማ እሷ ለሥጋ ካልሆነች ለምን ትሆናለች?»

«ኩሬ!» አለ ጅብ። ቃሉ ራሱ አረጠበው።

ቀትር ላይ መንጋው ጥላ ሥር ተኝቶ ሳለ መቆፈር ጀመረ። ዳለቻ ስትቆፍር ዳሩን አስፍታ፣ አጋድማ፣ ቀስ እያለች ነው። ጅብ ግን ቸኩሏል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አንገቱ ገባ፤ ትከሻው ገባ፤ የውሃው ሽታ አፍንጫው ላይ ደረሰ።

«ጨምር፣ አያ ጅቦ፣ ትንሽ ቀረህ!» ትላለች ቀበሮ ከላይ።

አሸዋው ተናደ። ከላይ የሚታየው ጭራው ብቻ ሆነ።

ቀበሮ ጭራውን አየችው። «አያ ጅቦ፣ እዚያው ቆየኝ፤ ሰው ልጥራ» አለችና ሮጠች። የሮጠችው ግን ወደ ማደሪያዋ ነው።

ጅብ ጨለማው ውስጥ ቀረ። አሸዋው አፉንም ጆሮውንም ሞላው። እናቱ የሞተችው እንዲሁ ነበር፤ ዋሻው ተንዶባት። ያኔ የቆፈረላት አልነበረም። እሱም ትንሽ ነበር፤ ቆሞ አየ። ይህንን ለቀበሮም ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ የኮቴ ድምፅ ሰማ።

የቀበሮን ሩጫ ከሩቅ አይታ ነገሩ ያላማራት ዳለቻ ደርሳ ነበር። ከላዩ ብትቆፍር አሸዋው ይብስ እንደሚጫነው ታውቃለች፤ ስለዚህ ከጎን ጀመረች፣ አስፍታ።

«እማማ፣ ተዪው!» አለች ላም። «አሸዋው ራሱ ፈረደልን እኮ!»

«ነገ ማን ሊበላኝ ነው ታዲያ?» አለች ዳለቻ፣ ቀና ሳትል።

አሸዋው ሥር ድንጋይ ነበር። ኮቴዋ ድንጋዩን መታ፤ ደግማ መታችው፤ ኮቴዋ ተሰነጠቀ። አላቆመችም። በመጨረሻ ጆሮውን በጥርሷ ይዛ ጎተተችው። ጅብ እያሳለ ወጣና ተዘረረ።

ዐይኑን ሲገልጥ ያየው የዳለቻን እግር ነው። ደሟ አሸዋው ላይ ይንጠባጠባል። የደም ሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሲጠራው ቀርቶ የማያውቅበት ሽታ ነው። አፍንጫውን ወደ እግሯ አስጠጋ።

«እማማ፣ እግርሽ ተሰነጠቀ» አለ ጅብ። እማማ ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

«እሱ ቀላል ነው። አንተ ግን መቆፈር አታውቅም። ተነሥ፣ ላሳይህ።»

በሦስት እግሯ ቆማ አሳየችው።

«ሰፋ አድርገው። አሁንም ሰፋ።»

«ውሃው ታች ነው እኮ!»

«ውሃው ታች ነው፤ አንተ ግን ላይ ነህ። መጀመሪያ የምትወጣበትን ሥራ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጎን ለጎን ቆፈሩ። እሷ እያነከሰች፣ እሱ እያጉረመረመ። የምትቆፍረው እያነሰ፣ የምታሳየው እየበዛ ሄደ። ሰማዩ ዳር ላይ ደመና ይታይ ጀመር፤ ዝናብ ግን ጠብ አላለም።

አንድ ጠዋት ጅብ ወንዙ ላይ ሲደርስ ዳለቻ የለችም። ወደ እሾህ አጥሩ ሄደ። መንጋው ገና አልተነሣም። እሷ በሩ ላይ ወድቃለች፤ ፊቷ ወደ ውጭ ነው። ሞታለች።

አጠገቧ ተቀመጠ።

ሞት የት እንዳለ የምታሸት ቀበሮ ብዙ አልቆየችም። «አያ ጅቦ! እንኳን ደስ ያለህ! ሳትሮጥ፣ ሳትታገል! ለእኔ ጉበቷን ብቻ ተውልኝ፣ ሌላው ያንተ ነው።»

የጅብ ሆድ ጮኸ። ሜዳው ላይ የሚለቀም አጥንት ካለቀ ሰንብቷል። አልተነሣም።

«ምንድነው የምትጠብቀው?»

«ነገ» አለ ጅብ።

«ነገማ ትሸታለች!»

«ነገ» አለ ደግሞ፤ አሁን ጥርሱን አሳያት።

ቀበሮ ወደ ኋላ አለች። ወዲያው ግን ዞራ ወደ መንጋው ሮጠች። «ኡ! ኡ! ጅብ እማማን በላት!»

መንጋው ግር ብሎ ወጣ። ጅብን ሬሳዋ አጠገብ አዩት።

«አላልኳችሁም!» ብላ ፍየል አለቀሰች። ላም ቀንዷን ዝቅ አደረገች። ግልገሎቹ ጮኹ፤ ግማሹ ለዳለቻ ነው፣ ግማሹ ለውሃ ነው። ቀትር ከመድረሱ በፊት ካልጠጡ እንደማይተርፉ ሁሉም ያውቃል፤ የምትቆፍረውም ሞታለች።

ጅብ አልበላኋትም ሊል አፉን ከፈተ። በዕድሜው አምኖት የሚያውቅ አልነበረም። አፉን ዘጋው። ተነሥቶ በመካከላቸው አለፈና ወደ ወንዙ ወረደ። የላሟ ቀንድ ጎኑን ቧጨረው፤ ዞር አላለም።

ቆፈረ። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ አስፍቶ፣ አጋድሞ። አንዴ ተናደበት፤ ጠርጎ እንደገና ጀመረ። መንጋው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ከሩቅ ሆኖ አየው። ረፋዱ ሊያልፍ ሲል አሸዋው ጠቆረ፤ ቀጥሎ ረጠበ፤ ቀጥሎ ውሃ አቆረ። የጅብ ምላስ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ከጉድጓዱ ወጣና ወደ ዳር ቆመ።

«ግልገል ይቀድማል» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፍየል ወደ አጥሩ ተመልሳ ሮጠች። ዳለቻን ከአንገት እስከ ጭራ አየቻት። አሮጌው የጠፍር ጠባሳ እንዳለ ነው፤ የጥርስ ምልክት የለም። ተመልሳ መጣች።

«አልነካትም» አለች። «ሂዱ፣ ጠጡ።»

ግልገሎቹ ጠጡ። ላም ጠጣች፤ የናደችውን ጠረገች፤ ስትወጣም ቀንዷ የቧጨረውን የጅብን ጎን አንዴ ላሰችው። ፍየሎች ጠጡ። ጅብ መጨረሻ ገባ።

ከቀትር በኋላ ቀበሮ ብቅ አለች። «አያ ጅቦ፣ ወዳጄ፣ ያኔ እኮ ሰው ፍለጋ ሄጄ...»

«ተራ ያዢ» አለ ጅብ። «ስትጨርሺም ጥረጊ።»

ከፊቷ ሰልፍ አልነበረም፤ ቢሆንም ተራ ያዘች። ጠጣች። በዚያ በምትኮራበት ጭራዋም ጠረገች።

ማታውን ጅብ የዳለቻን መቃብር ቆፈረ፤ ሰፊ አደረገው። አፈሩ ላይ እሾህ፣ እሾሁ ላይ ከባድ ከባድ ድንጋይ ጫነ። ይህ ሁሉ ጅብ እንዳያወጣት ነው፤ ጅብን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም።

ዝናቡ መጣ። አሸዋ ወንዝ ሞልቶ ወረደ። ፍየል የወንዙን ዳር ለምለም ሣር አይታ አንገቷን ስትዘረጋ ጅብ፣ «ይህ የበጋ ነው» አላት። እሷም አልተከራከረችም። መንጋው ወደ ላይኛው መስክ ወጣ። ቀበሮም የምትመክረው ሌላ ፍለጋ ሄደች። ከወንዙ ዳር፣ ከድንጋዩ ክምር አጠገብ የቀረው ጅቡ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ደግ ሰው በሞተ ማግስት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የተወውን ሥራ የሚይዝለት እሱ እውነተኛ ዘመዱ እንደሆነ ነው።