ነጭ ያወጣው ማሳ

አንድ ጊዜ በቆላ፣ ወንዝ ዳር፣ ጅብና አህያ አንድ ማሳ በጋራ ያርሱ ነበር። ማሽላ ይዘራሉ። ውሃው ከወንዝ በላይኛው ቦይ ይገባል፤ የተረፈው በማሳው ግርጌ በታችኛው ቦይ ይወጣል። ታችኛውን ቦይ በየዓመቱ ይጠርጉታል። ቀበሮ ጉድጓዷን የማሰችው እዚያ ቦይ ዳር ነው፤ በተጠረገ ቁጥር ቤቷ ይፈርሳል። አህያ ሌላ መሬት የላትም። በጋውን የምትዘልቀው በዚህ ማሳ አገዳ ነው።

ቀበሮ አንድ ቀን ጅብን ብቻውን አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ሁሉ መሬት ለቦይ ትሰጣለህ? ደፍነህ ዝራበት እንጂ!»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ስንት ቁና ይወጣዋል?»

«አንተ ዝራ። መብላቱን እኔ አላስተምርህም።»

አህያ ሰምታ መጣች። «አያ ጅቦ፣ ተው። ውሃ መውጫ ካጣ ከሥር ያለውን ጨው ይዞ ይመጣል።»

«እሰየው! ጨው ከመጣ ወጡም ይጣፍጣላ!» ብሎ ሳቀ። ቦዩንም ደፈነው።

በዚያ ዓመት ማሽላው ያዘ። ጅብ ጠገበ። በሁለተኛው ዓመት መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ። ከተዘራው እኩሌታው አልበቀለም። የበቀለውም ቀነጨረ፤ የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ተለበለበ። ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ማሽላው ጠወለገ።

«ጠምቶታል» አለ ጅብ።

«ጠምቶታል፤ ውሃ አጥቶ ግን አይደለም» አለች አህያ። «ጨው ውሃውን ይዞ ሥሩን ከልክሎታል። ቦዩን ከፍተን ጨውን አጥበን እናስወጣው። ገና ጊዜ አለን።»

ጅብ ጉድጓዷ አፍ ላይ ወደ ተቀመጠችው ቀበሮ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እመት ቀበሮ?»

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አህያ የምትመክርህ? አጠጣ!»

ጅብ ጠዋት ማታ አጠጣ። ውሃው ከሥር እየሞላ ወጣ፤ ፀሐይ ውሃውን ስትወስደው ጨው ላዩ ላይ ቀረ። ማሽላው ፍሬ ሳይቋጥር ቆሞ ደረቀ። የቀበሮም ጉድጓድ ውሃ ሞላበት፤ ሳትሰናበት አገር ለቀቀች።

አህያ የቀረውን አገዳ ቆረጠመች። አልዋጥ አላት። ከቀን ወደ ቀን ከሳች፤ በመጨረሻ ማሳው መሀል ተኛች።

ጅብ አጠገቧ ቆመ። «እንግዲህ ምን ይበላል?» አላት።

አህያ ፊቷን ወደ ተደፈነው ቦይ አዞረች።

ጅብ በላት። ሦስት ቀን ቆይቶ ራበው። ያን ጊዜ «ቦዩን ልክፈት» ብሎ መቆፈር ጀመረ። ሥራው የሁለት ነበር። አንድ ክንድ ያህል ሳይቆፍር ጉልበቱ ከዳው፤ ነጩ መሬት ላይ እንደወደቀ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማሳውን እያጠጣ የውሃውን መውጫ የሚዘጋ መሬቱንም፣ አብሮት የሚያርሰውንም፣ ራሱንም እንደሚያጠፋ ነው።