የሐጂ ሱሩር አሮጌ የስፌት መኪና

ከቀደምት ከተሞቻችን በአንዷ፣ ከጁምዓ መስጊዱ ቁልቁል በሚወርደው የድንጋይ መንገድ ዳር፣ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸውና፣ በዚያች ከተማ ከእሳቸው ይበልጥ የተማሩ ዑለማዎች ነበሩ፤ ከእሳቸው ይበልጥ ያላቸው ነጋዴዎችም ነበሩ። ይሁን እንጂ እናት ልጇን «የሐጂ ሱሩርን ዓይነት ልብ ይስጥህ» ብላ ስትመርቅ የምትጠራው የእሳቸውን ስም ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው።

ሐጂ ሱሩር የሚሰፉት በአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው። መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ጥቁር አሮጌ መኪና ነበር። በተጋቡ በዓመቱ ባለቤታቸው እመት ሐሊማ ስትዳር ለመህር የተሰጣትን የብር አምባር ሸጣ ገዛችው። ጠዋት እሳቸው ይሰፉበታል፣ ከዙህር በኋላ ደግሞ እሷ ትቀመጥበታለች። በመኪናው ጎን ላይ በወርቅ ቀለም የተሳለው አበባ፣ እሷ ግራ እጇን ታሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ ተፍቆ ጠፍቷል። እመት ሐሊማ ወደ አኺራ ከሄደች ወዲህ ሐጂ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መዳፋቸውን እዚያች የተፋቀች ቦታ ላይ ያደርጉና ዱዓ ያደርጉላታል። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ይረግጣሉ።

መዲና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ዐረብ አገር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ጊዜ ለእረፍት ስትመጣ በመብራት የሚሠራ አዲስ የስፌት መኪና ይዛላቸው መጣች። ነጭ ነው፣ ቀላል ነው፣ ገና ሲነኩት ይሮጣል።

«አባዬ፣ ጉልበትህ ይረፍ ብዬ ነው» አለቻቸው።

ሐጂ ግንባሯን ሳሙ። «አላህ ያንቺን ጉልበት ይጠብቅልኝ» ብለው መረቋት። መኪናውንም በነጭ ሻሽ ሸፍነው በረንዳው ላይ ባለው መደርደሪያ አስቀመጡትና በአሮጌው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

መዲና ምሳ ይዛላቸው በመጣች ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ ሻሽ ይሄዳል። አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ አልወደድከውም?»

ሐጂ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። ሊያስከፏት አልፈለጉም፤ ሊዋሿትም አልፈለጉም።

«ያንቺን ስጦታ እንዴት እጠላለሁ፣ ልጄ? ግን ይሄኛው በእኔ ልክ ነው የሚሄደው። አንዴ ስረግጥ ሱብሓነላህ እላለሁ፣ ስደግመው አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ያኛው እኔ ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ እጅጌውን ጨርሶ ይጠብቀኛል።»

መዲና ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን አልቆየም።

«ደግሞም እናቴ አለችበት» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። አለችበት።»

የምሳውን ሳህን አንስታ ሄደች። ለዚያ ነጭ መኪና የሰው ወለል ስትወለውል፣ የሰው ልጅ ስታባብል ኖራለች፤ ልቧ ትንሽ ተነክቶ ነበር። ሐጂም አውቀውታል።

በዚያው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ የመስጊዱ ኢማም ሸህ አደም አንዲት ሴት አስከትለው ወደ በረንዳው መጡ። መዲናም እዚያው ነበረች። ሴትዮዋ ጦይባ ትባላለች፤ ከከተማው በታች ካለው ቆላ ነው የመጣችው። ባሏ በወባ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ስፌት ታውቃለች፣ የጎረቤት መኪና እየተዋሰችም ትሰፋ ነበር። ጎረቤቷ መኪናዋን ይዛ ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ግን የልጆቿ ጉርሻ አብሮ ሄደ።

«ሐጂ፣» አሉ ኢማሙ፣ «አንደኛው መኪናዎ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «መዲና፣ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?»

መዲና የሴትዮዋን ፊት አየች። «ያንተ ነው፣ አባዬ። ለአላህ ከሆነ ደስ ይለኛል።»

ከልቧ ነው ያለችው፤ ድምጿ ግን ቀጥኖ ወጣ። ሐጂ ነጩን መኪና ከመደርደሪያው አውርደው ለጦይባ ሰጧት። ጦይባ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች፤ ለእሳቸውም ለልጃቸውም ዱዓ አደረገች። ልትነሳ ስትል ሐጂ እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቋት።

«መብራቱ እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? እንደዚህ ይጠፋባችኋል?»

ጦይባ አንገቷን ደፋች። «መብራት ገና አልገባልንም፣ አባቴ።»

«ታዲያ በምን ልትሠሪበት ነው?»

«ሽጬ የእግር መኪና እገዛበታለሁ ብዬ ነው። ስጦታ አይመረጥም ብዬ ዝም አልኩ። አውፍ በሉኝ።»

ሸህ አደም ጣልቃ ገቡ። «ነውር የለበትም። ሰው የተሰጠውን ቢሸጥ ሐላል ነው። እርስዎም ሰጥተዋል፣ ሐጂ፤ አላህ ይቀበልዎት።»

የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ከሐጂ ሱሩር ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ልጃቸውን አዩ። መዲና ያን ነጭ ሻሽ ይዛ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ገበያውንም ያውቁታል፤ አሮጌ መኪና ተብሎ የሚሸጠው ላዩ ቀለም ተቀብቶ ውስጡ ያለቀ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ሐሳብ ውስጣቸውን ወጋው፤ ለአላህ ብዬ ያወጣሁት ሸፍኜ ያስቀመጥኩትን ነው አሉ በልባቸው።

መዳፋቸውን አሮጌው መኪና ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣» አሉ ሐጂ ወደ ጦይባ ዞረው፣ «ያንን አስቀምጪው። የምትወስጂው ይሄን ነው።»

ጦይባ ደነገጠች። «ኧረ አይሆንም፣ አባቴ። እርስዎ የሚሠሩበትን?»

«እኔ ስለምሠራበት ነው ደህና የሆነው።»

«ሐጂ፣» አሉ ሸህ አደም፣ «ይሄንን ማንም አልጠየቀዎትም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ሸሃችን። ማንም ስላልጠየቀኝ ነው ለአላህ ብቻ ሊሆን የሚችለው።»

ከመቀመጫቸው ተነስተው ጦይባን አስቀመጧት። ዘይት የሚጠጣበትን ቦታ አሳዩዋት። በክረምት የመዘውሩ ቀበቶ እንደሚላላ ነገሯት። «ነውሩንም ልደብቅሽ አይገባም» አሉ። «ወፍራም ጨርቅ ላይ ስፌት ይዘላል። ያን ጊዜ አትቆጪው፤ ክሩን ላላ አድርጊና ቀስ ብለሽ ርገጪ።»

ጦይባ ልትሞክረው ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ረገጠች። ግራ እጇም ሳታስበው ሄዶ ወርቁ የተፋቀበት ቦታ ላይ አረፈ። መዲና ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች። ጦይባ አንድ ነገር ያጠፋች መስሏት እጇን ልታነሳ ስትል ሐጂ ከለከሏት።

«አይ፣ እዚያው ይሁን። እጅሽ እዚያው ይረፍ።»

ስለ እመት ሐሊማ ምንም አልነገሯትም። አማናው እንዲከብዳት አልፈለጉም። መኪናውን ፈታተው አህያ ላይ ሲጭኑ ላይኛውን ክፍል በሻሹ የጠቀለለችው መዲና ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀላል አልነበረም። ሐጂ ሱሩር በስተርጅና ሥራቸውን እንደ አዲስ ሊማሩ ተቀመጡ። መኪናው እየቀደማቸው ስፌቱ ከመስመር ይወጣል። አንድ ጀለቢያ አበላሽተው ለባለቤቱ ከራሳቸው ጨርቅ ሌላ ሰፉለት። እግራቸው መርገጥ እንጂ የአዲሱን መኪና መርገጫ በስሱ መንካት አልለመደም።

መዲና የእረፍት ጠዋቶቿን በረንዳው ላይ ከጎናቸው ማሳለፍ ጀመረች።

«አባዬ፣ አትርገጠው፤ ንካው ብቻ።»

«ነካሁት እኮ።»

«ይሄ መንካት ነው? በቅሎ እየኮለኮልክ ትመስላለህ።»

ሁለቱም ይስቃሉ። እመት ሐሊማ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ እንዲህ አብረው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ጠዋት ጠዋት የሐጂ መዳፍ ልማድ ሆኖበት ያቺን ቦታ ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ግን ልሙጥ ነጭ ነገር ነው። ቢሆንም ዱዓውን ያደርጋሉ።

የመዲና እረፍት ሲያልቅ በአዲሱ መኪና ጅልባብ ሰፉላት። ጠርዙ ጠመም ብሎ ነበር።

«አምጪው፣ ልፍታውና ልድገመው» አሏት።

«እንዳትነካው፣ አባዬ» አለች። ያንኑ ለብሳ ሄደች።

ከወራት በኋላ የበረንዳው ባለቤት የሆነው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ክር ሲያስገቡ እያየ፣ «እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ» አላቸው። «አሮጌው አይሻልም ነበር?»

ሐጂ ሱሩር ክሩን አስገብተው ጨረሱ።

«ይሻል ነበር» አሉ። «ስለሚሻል ነው የሰጠሁት።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ ይህችን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም። ከተረፈን፣ ከጠበበን፣ ከሰለቸን የምንሰጠውን አላህ ይቀበለን ዘንድ እለምናለሁ፤ እሱንም አልንቅም፣ የተራቆተን ያለብሳልና። ሐጂ ሱሩር ግን ከሰጡ በኋላ ራሳቸውን ለማጽናናት «አዲሱ ይበልጣል» አላሉም። ያጡትን አላሳነሱም። ብዙዎቻችን ሰው የሚወደውን የሚሰጠው መውደዱን ሲተው ይመስለናል። እሳቸው መውደዳቸውን ሳይተዉ ሰጡ፤ የሰደቃው ክብደትም ያ ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፣ በአንድ ሰደቃ ሁለት ሰው ነው የታከመው፤ ቆላ ያለችው እናትና ስጦታዋ ተሸፍኖባት የነበረችው ልጅ።

አላህ የምንወደውን አያሳጣን፤ ከምንወደው የምንሰጥበትን ልብም አይንሳን። አሚን።