በጽድ አፋፍ ድኩላን የምትጠራ ሴት ናት

«እማዬ፣ ወንድ ድኩላም ያረግዛል እንዴ?» ብላ አንዲት ልጅ እናቷን ጠየቀች ይባላል፤ በጽድ አፋፍ እስከ ዛሬ ድረስ ወንዶች የድኩላን ስም በአፋቸው የማይጠሩት ከዚህች ጥያቄ የተነሳ ነው።

ዛሬ አደን ቀርቷል፤ ጫካውም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና ከገደሉ ሥር በቀር ብዙ አልተረፈም። ሆኖም ድኩላ ከማሳ ዳር ብቅ ያለ እንደሆነ ወንዶቹ በአገጫቸው ይጠቁማሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም። ሴት ተጠርታ መጥታ ታያለች፤ ምን እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ልጆች በትምህርት ቤት መጽሐፍ የድኩላን የላቲን ስም ያነባሉ፤ ትራጌላፉስ የሚል ረጅም ስም ነው፤ ወንዱንም ሴቷንም ያረገዘችውንም በዚያው በአንዱ ይጠራል። የጽድ አፋፍ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ለመጽሐፍ ይበቃል» ይላሉ። እነሱ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ስም አላቸውና፤ ቀንዳሙ ወንድ ቀንዴ፣ ቀንድ የሌላት ሴቷ ጎዳ፣ ያረገዘችው ደግሞ ባለአደራ ትባላለች።

እንደሚነገረው፣ በዚያን ዘመን አዳኞች ሲወጡ አንድ ሰው ከገደሉ አፋፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይቆማል። ሌሎቹ ከማዶ እየጮኹና ጥሩምባ እየነፉ አውሬውን ከጫካ ያስወጣሉ። ጦረኛው ከታች ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ከቅጠል መንቀጥቀጥ በቀር የሚያየው ስለሌለ፣ ጠሪው ከላይ ሆኖ «ቀንዴ!» እስኪለው ድረስ ጦሩን አይወረውርም። ጎዳ ከተባለች ለዘር ትቀራለች። ባለአደራ ከተባለችማ ጦረኛው ወደ ኋላ ሸሽቶ መንገድ ይለቅላታል፤ የፈጣሪን አደራ ይዛለችና። ባለአደራ የተገደለች እንደሆነ የጥፋተኛው ምድጃ በሰው እጅ ውኃ ፈሶበት ይጠፋል፤ ራሱም ከአገር ይወጣል።

ክፉ ቀን መጣ። አንበጣ እህሉን በላው፣ በሽታ ከብቱን ፈጀው። የዚያን ጊዜ ጠሪው ጓንጉል የሚባል፣ በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር፤ ሚስቱ ማንያህልሻል፣ ልጃቸው ደግሞ አንጓች ትባል ነበር። ጦረኛው ቢያድግልኝ ገና ጎረምሳ ነው፤ ወንድሞቹ ሁሉ በሕፃንነታቸው ያለቁበት፣ እማማ ደብሬ የሚባሉ ባልቴት አንድ የቀራቸው ልጅ። ያን ቀን ወደ ጫካው ሲወርዱ ጓደኞቹ፣ «ቢያድግልኝ፣ ጦሩን ተውና አንተን እንወርውርህ፤ አንተ ትቀጥናለህ» እያሉ ቀለዱበት።

«ሥጋው ላይ ከተሰካሁማ ማንም አይነቅለኝም» አላቸው። ሳቁ።

ማንያህልሻልና አንጓች ከድንጋዩ ሥር ሳማ ይለቅሙ ነበር። ጥሩምባው ከማዶ ሲያስተጋባ፣ የጓንጉልን ድምፅ ከራሳቸው በላይ ሰሙት። «ቀንዴ! ቀንዴ!» ይላል።

አዳኞቹ ሲሰበሰቡ የወደቀችው ቀንድ የላትም። ሆዷ ሲከፈት፣ ጸጉሩ ገና ያልደረቀ ግልገል ተንሸራቶ ወጣ። ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ቀንዴ ተብሎልኝ ነው የወረወርኩት!» አለ ቢያድግልኝ።

«ባለአደራ ነው ያልኩት» አለ ጓንጉል፣ መሬት መሬቱን እያየ፤ «ረሃብ ጆሮውን ደፍኖት ይሆናል።»

ከማዶ የነበሩት ከጥሩምባቸው በቀር የሰሙት የለም። የባለአደራ ሥጋ አይበላምና እነዚያ የተራቡ ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው እናትና ልጅን ቀበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ አፈሩን እየመለሰ ያለቅስ ነበር ይባላል። ነገሩ በማግስቱ ጠዋት ከድንጋዩ በታች ካለው ትልቅ ጽድ ሥር፣ በሽማግሌዎች ፊት እንዲታይ ተቀጠረ። ግን የማን ቃል እንደሚጸና ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ዓመት ከአገር የወጣ ሰው ደግሞ በረሃብ ከመንገድ እንደሚቀር ያውቃል።

ጀምበር ስትጠልቅ ነው እንግዲህ አንጓች፣ ወንድ ድኩላም ያረግዛል ወይ ብላ እናቷን የጠየቀችው። ማንያህልሻል የሰማችውን እንዳልሰማች ልታደርገው ስትታገል ነበር የዋለችው።

«ዝም ብለሽ ብዪ» ብላ የተቀቀለውን ሳማ ሰጠቻት።

«አባዬ ቀንዴ ብሎ የለ?»

ጓንጉል ከበሩ ሥር እንደተቀመጠ፣ «ስለ እናንተ ብዬ ነው» አለ።

«ሆዷን አይተኸው ነበር?» አለችው ሚስቱ።

ጓንጉል ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

«የእማማ ደብሬ ልጅስ?»

«እሱ ብቻውን ነው። እኔ እናንተ አላችሁኝ።»

ማንያህልሻል፣ «እመቤቴ ሆይ፣ ወይ የሱን አፍ ክፈቺልኝ፣ ወይ የኔን ዝጊልኝ» እያለች ስትለምን አደረች ይባላል። ከሁለቱ አንዱም አልሆነላትም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። ጓንጉል ሊምል ሲነሳ፣ ሴት ወጥታበት ከማታውቀው ድንጋይ ላይ ድምፅ መጣ።

«ቀንዴ! ቀንዴ!»

ልክ እንደ ጓንጉል አድርጋ፣ መጨረሻውን እየጎተተች። ሁሉም ቀና አሉ።

«ትናንት ከዚህ የተጠራው ይኸው ነው!» አለች ማንያህልሻል። «ባሌ ነው፤ እወደዋለሁ። የተጠራው ግን ይኸው ነው!»

ጓንጉል አልማለም። ጋቢውን አጥብቆ ለበሰና ማንም ውጣ ሳይለው ቁልቁለቱን ተያያዘው። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፣ «ከእንግዲህ ወንድ አይጥራ፤ በገዛ ቤቷ ላይ የጠራችው ትጥራ» አሉ፤ ወጉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና ይባላል።

ማንያህልሻል ከድንጋዩ ወርዳ ቤቷ ገባች፤ ሌላ ሰው ሳይመጣባት በገዛ እጇ ምድጃዋ ላይ ውኃ ከለበሰች። ከዚያ እማማ ደብሬ ደጅ ሄደች። አሮጊቷ የሆነውን አልሰሙም፤ በቤት የቀረችውን ሽምብራ ቆልተው በጨርቅ ቋጥረው፣ ልጃቸውን ሊሸኙ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ልጅዎ አይሄድም፣ እማማ። የሚሄደው የኔው ነው። ስንቁን ይስጡኝ።»

እማማ ደብሬ ቋጠሮውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ልጄን ሊያስበላብኝ ለነበረ ሰው?»

«አዎ፣ እማማ። ባዶ እጁን ነው የወረደው።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ቤት አዙረው፣ ሳያዩዋት ቋጠሮውን ዘረጉላት። ማንያህልሻል ተቀብላ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች፤ ፀሐይ ሳትበረታ ብቻዋን ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር ይባላል።