መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም

አንድ ቀን ጠዋት ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አነሳሁ፤ ሳላነበው አራት ቦታ አጠፍኩትና በተሰበረ መስታወት ቀዳዳ ወተፍኩት። በርዶኝ ነበር። ያደረግሁት ይኸው ነው፤ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። አሁን ተረቱን ልንገራችሁ፤ ወረቀቱ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

ተረት ተረት። «የመስኮት ብረት» በሉኝ።

እማማ ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ባላቸው አባባ አድማሱ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይገባም። መስኮቱ የእንጨት ነው፤ እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፣ ማጠፊያው ወልቋል። እማማ ትርንጎ ነጭ ላስቲክ ወጥረው በሚስማር መትተውበታል። በላስቲኩ በኩል ብርሃን ይገባል እንጂ መንገዱ አይታይም። ንፋስ ሲመጣ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ዝናብ ሲመጣ በጠርዙ እየሾለከ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል።

አባባ አድማሱ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪው ‹ሾፌር፣ መስኮት ይዘጋልን፣ ንፋስ መታን› እያለ ሲጮህብኝ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን መስኮት የሚዘጋልኝ አጣሁ» ብለው ቀለዱ። ቀልዱን ትተው ደግሞ አንድ ነገር ለመኑ፤ የሚዘጋ፣ የሚከፈት፣ መስታወት ያለው መስኮት። ሳልሞት መንገዱን ልይ አሉ። የፈለጉት ይህችን ብቻ ነው።

ጊዜው ግንቦት ነበር። እማማ ትርንጎ ወደ በያጁ ሸዋንግዛው ሄዱ። ሸዋንግዛው ለካ፣ ቆረጠ፣ በየደ፣ ቀለም ቀባ፣ መስታወቱንም ከተተበት። ከዚያ መስኮቱን ከሱቁ ግድግዳ አስደገፈና አልገጥምም አለ። «እማማ፣ ያለ ፈቃድ ከገጠምኩ ደንብ አስከባሪ መጥቶ የብየዳ ማሽኔን ጭኖብኝ ይሄዳል። ፈቃዱን ብቻ ያምጡልኝ፤ በዚያኑ ሰዓት እመጣለሁ።»

በዚህ ተረት ውስጥ ቃሉን የጠበቀ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ስሙን ያዙልኝ።

ሸዋንግዛው ካልገጠመ አባባ አድማሱ መንገድ አያዩ። መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም።

እማማ ትርንጎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ፎቁን ወጡ። ፈቃድ ሰጪው ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ የሚጽፈው አንዱ ነው። የትኛውን መስኮት ነው የሚቀይሩት ብሎ ጠየቃቸው። ቤቴ አንድ መስኮት ነው ያለው አሉት። «እሱን እርስዎ አይደሉም የሚነግሩኝ» አለ፣ «ማህደሩ ነው የሚነግረኝ። ያለ ማህደር አልፈቅድም።» ሰው ዓይኑን ገልጦ ቤቱን ከሚያምን ወረቀቱን ቢያምን ይቀለዋል።

ማህደሩ ካልወጣ ፈቃድ ሰጪው አይፈቅድ፤ እሱ ካልፈቀደ ሸዋንግዛው አይገጥም፤ ሸዋንግዛው ካልገጠመ አባባ አድማሱ መንገድ አያዩ። መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም።

እማማ ትርንጎ ወደ መዝገብ ቤት ወረዱ። መዝገብ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ማህደር ነው። መዝገብ ያዡ ወንበሩ ስላጠረበት ሦስት ማህደር ደራርቦ ተቀምጦበታል። የእርስዎ ማህደር አለ፣ መኖሩን አውቃለሁ አላቸው። ማህደር ግን በቃል አይወጣም፤ እርስዎ እርስዎ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ያምጡ። ይህን ሁሉ የተናገረው ከመቀመጫው ሳይነሳ ነው። ያን ቀን ብድግ ብሎ ቢሆን ኖሮ ተረቱ እዚህ ላይ ባጠረ።

ሰብሳቢው ካልጻፈ መዝገብ ያዡ አያወጣ፤ ማህደሩ ካልወጣ ፈቃድ ሰጪው አይፈቅድ፤ እሱ ካልፈቀደ ሸዋንግዛው አይገጥም፤ ሸዋንግዛው ካልገጠመ አባባ አድማሱ መንገድ አያዩ። ሰኔ ገባ። መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም።

ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ስብሰባው ሕዝብን ሳያጉላሉ ስለማገልገል ነበር፤ ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሰብሳቢው ሲወጣ እማማ ትርንጎን አቅፎ ሳማቸው። ልጅ ሆኖ ከጓሯቸው ኮክ ሲሰርቅ የያዙት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ ታውቀኛለህ፣ ልጄ፤ ጻፍልኝ» አሉት።

«እማማ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ። ሰብሳቢው ግን አያውቅዎትም» አለ ሰብሳቢው። «ጎረቤት ይፈርምና ይምጡ።»

ጎረቤት ካልፈረመች ሰብሳቢው አይጽፍ፤ ሰብሳቢው ካልጻፈ መዝገብ ያዡ አያወጣ፤ ማህደሩ ካልወጣ ፈቃድ ሰጪው አይፈቅድ፤ እሱ ካልፈቀደ ሸዋንግዛው አይገጥም፤ ሸዋንግዛው ካልገጠመ አባባ አድማሱ መንገድ አያዩ። መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም።

ጎረቤቲቱ የሻረግ ትባላለች። ግድግዳቸው አንድ ነው፤ ወንፊታቸውም አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ የማን እንደሆነ ከረሱት ቆይቷል። የሻረግ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድስት በሻሽዋ ጫፍ ያዘችው። ከዚህ በፊት ለአንድ ሰው ፈርማ ሦስት ጊዜ ምስክር ተብላ ተጠርታለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ገበያዋ ተዘግቷል። ወንፊት ካሉኝ ወንፊት፣ ደም ካሉኝ ደም እሰጥዎታለሁ አለች። ማኅተም የሌለበት ወረቀት ላይ ግን አልፈርምም። ማኅተም ይመታበትና ያምጡት።

ማኅተሙ ካልተመታ የሻረግ አትፈርም፤ የሻረግ ካልፈረመች ሰብሳቢው አይጽፍ፤ ሰብሳቢው ካልጻፈ መዝገብ ያዡ አያወጣ፤ ማህደሩ ካልወጣ ፈቃድ ሰጪው አይፈቅድ፤ እሱ ካልፈቀደ ሸዋንግዛው አይገጥም፤ ሸዋንግዛው ካልገጠመ አባባ አድማሱ መንገድ አያዩ። ሐምሌ ገባ። መስኮቱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ዝናቡ ግን አይጠይቅም።

ማኅተሙ ያለው እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ በመሳቢያ ውስጥ ነው። እማማ ትርንጎ ሲደርሱ የባለ ማኅተሟ ሹራብ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለ ማኅተሟ ግን የለችም። ሹራቡ ሥራ ገብቷል ማለት ነው። እሷ ፀሐይ ስትወጣ ግቢ፣ ፀሐይ ስትጠፋ ሻይ ቤት ነበረች፤ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማለች። ለምን እንደማትገባ ሲጠይቋት የክፍሉ መስኮት መስታወቱ ተሰብሯል አለች። ንፋሱ ማጅራቷን ይመታታል። በወረቀት ወትፋው ነበር፤ ወረቀቱ በዝናብ ራሰና ንፋሱ መልሶ ገባ።

ማኅተሙን ይዘሽ ውጭ ምቺልኝ ቢሏት፣ ማኅተም ከክፍል አይወጣም፣ መመሪያ ነው አለች።

«ታዲያ መስታወቱ ለምን አይቀየርም፣ ልጄ?»

«ፈቃድ ተጠይቆ ነበር» አለች ባለ ማኅተሟ። «ሁለት ዓመት ሆነው።»

እንግዲህ ልብ በሉ። የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ፈቃድ ይጠብቃል፤ ፈቃዱ ማኅተም ይጠብቃል፤ ማኅተሙ ንፋሱ እስኪቆም ይጠብቃል፤ ንፋሱ መስኮቱ እስኪሠራ ይጠብቃል። ፎቁ ላይ ያሉ ሰዎች በዚህ አንድም ቀን አልሳቁም። ደመወዝ የሚበላበት ነገር አያስቅም።

እማማ ትርንጎ ቤታቸው ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ለባላቸው አንድ በአንድ ነገሯቸው። ንፋሱ ካልቆመ ባለ ማኅተሟ አትቀመጥ፤ ካልተቀመጠች ማኅተሙ አይመታ፤ ማኅተሙ ካልተመታ የሻረግ አትፈርም፤ የሻረግ ካልፈረመች ሰብሳቢው አይጽፍ፤ ሰብሳቢው ካልጻፈ መዝገብ ያዡ አያወጣ፤ ማህደሩ ካልወጣ ፈቃድ ሰጪው አይፈቅድ፤ እሱ ካልፈቀደ ሸዋንግዛው አይገጥም፤ ሸዋንግዛው ካልገጠመ አንተ መንገድ አታይ።

አባባ አድማሱ ጣሪያውን እያዩ ብዙ አሰቡ። «ይሄ አደባባይ ነው» አሉ። «ሁሉም ‹እለፍ፣ እለፍ› ይባባላል፤ ማንም አያልፍም። እንዲህ ሲሆን አንዱ ፍሬን መልቀቅ አለበት። ትርንጎ፣ ላስቲኬን ንቀይና ውሰጂላቸው።»

«በሐምሌ? አብደሃል?»

«የአንድ ቀኑ ይምታኝ። የክረምቱን ሁሉ ከምጠጣው።»

ሰኞ ጠዋት እማማ ትርንጎ ላስቲኩን ከመስኮታቸው ነቅለው፣ ሚስማሮቹን በመሐረብ ቋጥረው፣ መዶሻ ይዘው ፎቁን ወጡ። ባለ ማኅተሟን ከሻይ ቤት ጠርተው ወንበር አስያዟት። ወንበሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ከቀዳዳው ያን የራሰ ወረቀት አወጡ። እማማ ትርንጎ ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀት ሁሉ ለእሳቸው የተከበረ ነገር ነው። በነጠላቸው ጠርዝ ውሃውን ጠርገው፣ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ዘረጉላት።

«ያዢው ልጄ፣ ያስፈልግሽ ይሆናል።»

ባለ ማኅተሟ ዘረጋችው። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ፈስሷል፤ መካከሉ ግን ይነበባል። ከሁለት ዓመት በፊት ከበላይ የወጣ መመሪያ ነው። ነባር መስኮት በነበረበት ቦታና በነበረው ስፋት ለመቀየር ፈቃድ አያስፈልግም ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከላይ መዶሻው ይንኳኳል።

«የሚያስፈልግ ነው?» አሉ እማማ ትርንጎ፣ ሚስማሩን በከንፈራቸው ይዘው።

«አይ፣ እማማ። ተራ ወረቀት ነው» አለች። በቀድሞው እጥፋቱ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ላስቲኩ ተወጠረ፣ ንፋሱ ቆመ። ንፋሱ ቢቆም ባለ ማኅተሟ ተቀመጠች። ብትቀመጥ ማኅተሙ ተመታ። ማኅተሙ ቢመታ የሻረግ ፈረመች፣ ያውም በሁለት ቦታ። የሻረግ ብትፈርም ሰብሳቢው እማማ ትርንጎን አወቃቸው፣ ጻፈላቸውም። ሰብሳቢው ቢጽፍ መዝገብ ያዡ ብድግ አለ፤ ማህደሩ ከተቀመጠበት ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተገኘ፣ ገና ይሞቅ ነበር። ማህደሩ ቢወጣ ፈቃድ ሰጪው በዚያች በምትጽፈው እስክሪብቶ ፈቀደ፤ ቤቱ አንድ መስኮት እንዳለውም ከማህደሩ አነበበላቸው። እሱ ቢፈቅድ ሸዋንግዛው መስኮቱን ትከሻው ላይ ጭኖ በዝናብ ሮጠ። ሁሉም በየፊናቸው «እኔ እኮ ችግር የለብኝም ብዬ ነበር» አሉ።

ከሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ነው የፈጀው። ሰኞ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ ላስቲክ የሌለበትን መስኮት አገኘው፣ ያለ ማንም ፈቃድ ገባ። እማማ ትርንጎ ደብዳቤ ይዘው ደጅ ሲጠኑ የሻረግ ናት ጃንጥላ ይዛ አልጋው አጠገብ የቆመችው። ጃንጥላ ለመያዝ ማኅተም አልጠየቀችም። ማክሰኞ አባባ አድማሱ ማሳል ጀመሩ።

ሐሙስ ሸዋንግዛው መስኮቱን ገጠመ። እማማ ትርንጎ መስታወቱን ወለወሉ፤ አባባ አድማሱ በትራስ ተደግፈው ቀና አሉ። መንገዱ እርጥብ ነበር። አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ ቁጥሩን አነበቡ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

«ዘግይቷል» አሉ።

ሳሉ ግን አለቀቃቸውም። በዚያ መስኮት እስከ ታኅሣሥ ድረስ መንገዱን አዩ፤ ከዚያ በላይ አላዩም። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ሊያዩት የሚገባቸውን ባለ ማኅተሟ ሻይ ቤት ተቀምጣ ነው የጨረሰችው።

ባለ ማኅተሟ እኔ ነኝ።

ወረቀቱን በማግስቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ እችል ነበር። ከለጠፍኩት ግን ሳላነብ የወተፍኩት መሆኔ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከዚያ ጽሕፈት ቤት እስክለቅ ሦስት ዓመት ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩት፣ ሰዎችም በኮሪደሩ ተሰልፈው ቆሙ። መስኮቱ በተገጠመ በሳምንቱ እማማ ትርንጎ በጨርቅ የጠቀለሉት ድፎ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። «ብርሃን እንዳሳየሽን ብርሃን ያሳይሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ዳቦውን ቆርሼ ለፈቃድ ሰጪውና ለመዝገብ ያዡ አካፈልኩ፤ ለሸዋንግዛው አልደረሰውም።

ለእማማ ትርንጎ አሁን ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይሁን። ከእናንተ መካከል ግን በዚያ ኮሪደር የቆመ፣ ሹራብ የተንጠለጠለበት ወንበር እያየ የጠበቀ ሰው ይኖራል።

ተረት ያወራ ሰው ሲጨርስ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። እኔ ዳቦውን አስቀድሜ በልቻለሁ። ይቅር በሉኝ።