ጀርባው ያልታየ ብራና

አንድ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ መሪጌታ ይኄይስ ይባላሉ። የሚኖሩት ታች አምባ በምትባል መንደር ነው። እጃቸው ያማረ፣ ዓይናቸው አንዲት ነቁጥ የማይስት ሰው ነበሩ፤ ትዕግሥታቸው ግን አጭር ነው። በተለይ የመጽሐፍ ነገር ሲነሳ ቶሎ ይግላሉ።

ደግሞም ምክንያት ነበራቸው። የታች አምባ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ከሚነበበው ሌላ አንድ ትልቅ የጥንት ወንጌል አላት። አባቶች ከላይ አምባ ሰዎች ጋር ስለ ምንጩ ውሃ ሲታረቁ፣ ቃላቸውን ያጻፉት በዚያ ወንጌል የመጨረሻ ቅጠል ላይ ነው። ምንጩ የሚፈልቀው ላይ አምባ ነው፤ ከሳምንቱ ግን የተወሰኑት ቀናት የታች አምባ ናቸው። ይህን ልጅ አዋቂው ይናገራል። ጽሑፉን ያነበበ አንድ ሰው ጥሩ ቢባል ግን አይገኝም።

መሪጌታ በየዓመቱ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ወደሚጠብቁት ወደ ቄሰ ገበዝ ወንድይራድ ይሄዳሉ።

«አባ፣ ወንጌሉን ያውጡልኝና ልቅዳው። ብራናውን ራሴ ፍቄ አዘጋጃለሁ፤ ቀለሙም የራሴ ነው።»

«የኔታ፣ እሱ እኮ በግምጃ ላይ ግምጃ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

«ላንብበው አልኩ እንጂ ልብላው አልኩ?»

«ለዘንድሮ ይቆየን።»

ለዘንድሮ ይቆየን ሲባል አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ወንጌሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በንግሥ ዕለት፣ ከነመጠቅለያው ይወጣል። እልል ይባልለታል፤ ሕዝቡ እየተጋፋ ግምጃውን ይሳለማል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል። መሪጌታ ከዳር ቆመው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ውስጡ ያለውን ሳይጠይቅ ጨርቅ ተሳልሞ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚሄድ ሕዝብ አንጀታቸውን ያሳርረው ነበር።

ዝናቡ በበዛባቸው ዓመታት የውሃ ቀን የሚቆጥር አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ። የላይ አምባ ጎልማሶችም ምንጩን ገደቡት። «ድርሻ አላችሁ ያለው ማነው?» አሉ። የታች አምባ ጓሮ ደረቀ፤ ላሞቹ አጥንታቸው ወጣ፤ አንዳንዱ ሰው አገር ጥሎ ለመሄድ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ዳኛ ተጠርቶ መጣና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

«ማስረጃ አላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

«እንዴታ! ወንጌላችን ላይ ተጽፏል!» አለ የታች አምባ ሕዝብ ባንድ አፍ።

ወንጌሉ ወጣ። አንዱ ግምጃ ተፈታ፣ ሌላው ተፈታ፣ ሌላው ተፈታ። መሪጌታ መጨረሻውን ገለጡ። ቅጠሉ የለም። ስፌቱ አጠገብ በቢላዋ የተቆረጠ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።

«ማነው ይህን የቆረጠው?» ብለው ጮኹ።

ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ያን የንዳድ ዓመት፣ ልጆቹ ሲረግፉ፣ ለክታብ የሚሆን ብራና ጠፋ። ቃለ ወንጌሉን አልነካሁም። የመጨረሻው ቅጠል አንድ ወገኑ ባዶ ነበር፤ መሐላው ሌላ ገጽ ላይ ስለመሰለኝ፣ በሌላው ወገን ያለውን የድሮ ጭረት አልኩት። ሰባት ቦታ ቆርጬ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ እንዳይታወቅብኝ ስል ነው ወንጌሉን የከለከልኩዎት።»

«ጭረት! የአባቶችን መሐላ ጭረት ይሉታል!» መሪጌታ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሱትም። «ኧረ ለየትኛው ደንቆሮ ነው የሰጡት? ብራና እጁ ሲገባ ጀርባውን ገልብጦ የማያይ፣ እሱ ደግሞ ጸሐፊ ተብሎ!»

ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ለእርስዎ ነው የሰጠሁት፣ የኔታ።»

መሪጌታም ትዝ አላቸው። ያን ሰሞን እናቶች የታመሙ ልጆቻቸውን አዝለው ደጃቸው ላይ ተኮልኩለው ነበር። ሰባት ቁራጭ መጣላቸው፤ በንጹሑ ወገን ጸሎቱን ጻፉ፤ ጠቅልለው በቆዳ እንዲሰፋ ሰጡ። የራሳቸውን ፊደል ማማር ሲያዩ ጀርባውን አላዩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ላይ ሲያጉረመርሙበት የኖሩት ጥፋት በገዛ እጃቸው አልፎ ነበር። እንደዚያ ቀን ራሳቸውን ጠልተው አያውቁም።

«ታዲያ ቁራጮቹ አሁን የት ናቸው?» አለ ዳኛው።

እዚህም እዚያም እጅ ወደ አንገት ሲሄድ ታየ።

ዳኛው ሦስት ቀን ሰጣቸው። መሪጌታ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አንዱ፣ «የኔታ፣ ክታብ ከተፈታ ኃይሉ ይጠፋል ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አላቸው። ሌላው፣ «በመጀመሪያ የጎረቤቴን ይፍቱ፤ እሱ ከበቃ የኔ ለምን ይነካል?» አለ። ሁሉም ውሃውን ይፈልጋል፤ ክታብ ፈቺው ግን ሌላ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል። ሁለት ቀን እንዲሁ በክርክር አለቀ። መሪጌታ መቆጣት አማራቸው፤ ግን በምን አፋቸው?

በሦስተኛው ቀን እማማ ጥዑም የሚባሉ አሮጊት የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው መጡ። ክታቧን ከአንገቷ አውልቀው ስፌቱን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ይኸው፣ የኔታ። ይህችን ልጅ ያዳነ አምላክ ክታቧ ተፈታ ብሎ አይተዋትም። ውሃ ከሌለ ግን ይዣት ከአገር መውጣቴ ነው።»

ያን ያዩት እየተጎተቱም ቢሆን አመጡ። እስከ ቀትር ስድስት ቁራጭ ተገኘ። ሰባተኛው እናኑ የምትባል እናት ለልጇ ያሠራችው ነበር። መሪጌታ ደጇ ሲደርሱ፣ እናኑ ከውስጥ ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«የልጄን ክታብ አልፈታሁም፣ የኔታ» አለች። «ከነክታቧ ነው የቀበርኳት።»

መሪጌታ ዝቅ ብለው እጅ ነስተዋት ተመለሱ።

ስድስቱን ቁራጮች በየተራቸው ጨርቅ ላይ ሰፍተው በዳኛው ፊት አነበቡ። «እኛ የላይ አምባና የታች አምባ ሰዎች በዚህ ወንጌል ፊት ማልን። ውሃው የሁለታችን ነው። ከሳምንቱ ቀናት ለታች አምባ የሚሆኑት...» እዚያ ላይ ተቆረጠ። የሚቀጥለው ቁራጭ፣ «ይህን ያፈረሰ ከወንጌሉ በረከት ይለይ» የሚል ነበር።

«ሦስት ቀን ነው!» አሉ የታች አምባ ሰዎች። «አንድ ነው!» አሉ ላዮቹ።

ዳኛው ጨርቁን ደጋግሞ አየ። «ውሃው የሁለታችሁ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግድቡ ይፍረስ። የቀኑን ቁጥር ግን የሚነግረኝ የለም። እስኪገኝ ድረስ ላዮቹ ያመኑትን አንድ ቀን ውሰዱ» ብሎ ፈረደ።

ቁጥሩ ከዚያ በኋላ አልተገኘም፤ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ቆፍሮ የሚፈልገው ግን የለም። ታች አምባ እስከ ዛሬ በአንድ ቀን ውሃ ትኖራለች። መሪጌታ ቃሉን ሦስት ጊዜ ቀድተው አንዱን ለላይ አምባ ሰጡ። በሦስቱም ላይ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተዉት። አሁን በንግሥ ዕለት ወንጌሉ ከመጠቅለያው ይወጣል፤ ቃሉም በሕዝቡ ፊት ይነበባል። አንባቢው ከባዶው ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። እናኑም በየዓመቱ ከፊት ትቆማለች።

ወዳጆቼ፣ ብራና የአባቶችን ታሪክ፣ እምነትና ሥርዓት ያቆያል እንላለን። ልክ ነው። እሱን የምናቆየው ግን እኛ ነን፤ አንብበን፣ ቀድተን፣ ለልጆቻችን ነግረን። የታች አምባ ሰዎች መጽሐፋቸውን አልናቁም፤ ተሳልመውታል፣ በግምጃ ሸፍነውታል፣ አንገታቸው ላይ ሳይቀር አንጠልጥለውታል። የጎደላቸው የሚያነብ ዓይን ብቻ ነበር። በሌላው ስንፍና የሚናደደውም ሰው አስቀድሞ የገዛ እጁን ሥራ ገልብጦ ይመልከት።

እስቲ እርስዎም ይንገሩኝ፦ በቤትዎና በደብርዎ በክብር ተጠቅልሎ የተቀመጠውን መጽሐፍ ገልጠው ያነበቡት መቼ ነው?