ጥርሳቸውን የፈለጉት ጋሽ ተካልኝ

እነሆ አንድ ጥርስ የቸገራቸው ሽማግሌ!

ጋሽ ተካልኝ ይባላሉ፤ በሽምግልና የታወቁ ናቸው። የዚያን ቀን በስምንት ሰዓት ለእህታቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ቀጠሮ ነበራቸው። ረፋድ ላይ ግን መሬቱ ነዘር አደረገ፤ የባለ አሥራ ሁለት ፎቁ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ እየተሯሯጠ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ጋሽ ተካልኝም ከአራተኛ ፎቅ ወረዱ፤ ሰው ሠራሹ ጥርሳቸው ብርጭቆ ውስጥ ቀረ።

"ደሱ፣ አንዴ ልግባና ጥርሴን ላምጣ" አሉት ጥበቃውን።

"ጋሼ፣ ኢንጂነሯ ግቡ ካላለች እንኳን ሰው ዝንብ አላስገባም።"

ጥርሱ ላይ፣ ጋሼ ታች፤ ደሱ አያስገባም!

ኢንጂነር ትርሲት ታብሌቷ ላይ አቀርቅራለች። በየፎቁ ምሰሶ ላይ የተተከሉ፣ ያለ ሽቦ የሚያወሩ ሴንሰሮች አሏት፤ ሕንፃው ሲወዛወዝ፣ ምሰሶው ሲዘም ይነግሯታል።

"ጋሽ ተካልኝ፣ አሥራ አንዱ ደህና ነን ብለውኛል። የዘጠነኛው ፎቅ ግን ባትሪው አልቆ ዝም አለ። እሱ ሳይናገር ግቡ ብዬ ሰው ቢጎዳብኝስ?"

ጥርሱ ላይ፣ ጋሼ ታች፤ ደሱ አያስገባም፣ ትርሲት ግቡ አትልም፣ ሴንሰሩ አይናገርም!

ባትሪው ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በዕቃ ጠባቂዋ በወይዘሮ ስንዱ እጅ።

"ባትሪማ ሞልቷል። ማኅተም ያለው ወረቀት አምጡ! ባለፈው አንድ አምፖል ያለ ወረቀት ብሰጥ ሦስት ደብዳቤ አስጻፉኝ።"

ጥርሱ ላይ፣ ጋሼ ታች፤ ደሱ አያስገባም፣ ትርሲት ግቡ አትልም፣ ሴንሰሩ አይናገርም፣ ስንዱ ባትሪ አትሰጥም!

ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

"ወረቀቱን አትምልዎት ነበር፤ ማኅተሙ ቢሮዬ ቀረ እንጂ።"

"ታዲያ ገብተው ያምጡዋ!"

"ደሱ መቼ አስገባኝ?"

ጥርሱ ላይ፣ ጋሼ ታች፤ ደሱ አያስገባም፣ ትርሲት ግቡ አትልም፣ ሴንሰሩ አይናገርም፣ ስንዱ ባትሪ አትሰጥም፣ በላቸው አያትሙም፤ ለምን ቢሉ፣ ደሱ አያስገባም!

ሰባት ሰዓት ሆነ። የእህታቸው ልጅ ሱፉን ለብሶ፣ መኪናውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል።

"አጎቴ፣ ባለፈው ቀርተንባቸዋል። ዛሬ ከቀረን የልጅቷ አባት ሁለተኛ በር አይከፍቱልንም።"

ጋሽ ተካልኝ ልጁን አዩት። ጋቢያቸውን አስተካከሉና መጋዘኑ በር ላይ እጅ ነሱ። ቃላቸው በድዳቸው መሃል እያፏጨ እንዲህ አሉ፦

"ወይዘሮ ስንዱ፣ በቤትዎ አንዲት ባትሪ እንዳለች ሰምተን መጣን። በእኛ በኩል ዘጠነኛ ፎቅ ብቻውን የሚኖር አንድ ሴንሰር አለ። አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ችግሩ ዝምታው ብቻ ነው። ይስጡንና እናጋባቸው።"

ወይዘሮ ስንዱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ግቢውም አብሮ ሳቀ።

"ሽማግሌ ደጄ መጥቶ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሰጥቻለሁ! ደብዳቤውን እጽፋለሁ፣ ምን አለበት!"

ከዚያማ ስንዱ ባትሪ ሰጠች፣ ትርሲት ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወጣች፣ ሴንሰሩ "ደህና ነኝ" ብሎ ተናገረ፣ ትርሲት ደውላ "ይግቡ" አለች፣ ደሱ በሩን ከፈተ፣ አቶ በላቸው ወደ ማኅተማቸው፣ ጋሼ ወደ ጥርሳቸው!

ልክ በስምንት ሰዓት፣ ጥርሳቸውን ገጥመው፣ ከልጅቷ አባት ፊት ቆሙ።

"በቤትዎ አንዲት ባትሪ..." አሉና ደንግጠው ምላሳቸውን ነከሱ።

አባትየው ግራ ገባቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ልጅቷም ተሰጠች።